ያዋጣል ወይ? ይቻላል ወይ? ስለ ኮንትራት እርሻ የጠየቀኝ አጎቴ



ባለፈው ግንቦት መጨረሻ ላይ ዙህር ሰግደን ስንወጣ አጎቴ ደወለልኝ። የሚኖረው አርሲ፣ ሌሙና ቢልቢሎ ወረዳ ነው። ሯጮቻችን የሚፈልቁባት ቦቆጂ ያለችበት ደጋ፣ የገብስ አገር ማለት ነው። «ልጄ» አለኝ፣ «አንተ ዩኒቨርሲቲ ገብተሃል፣ ኪታብም ቀርተሃል። ማኅበሩ አንድ ወረቀት አምጥቶልናል። ዘርና ማዳበሪያ አሁን ይሰጡናል፣ ስናጭድ ገብሱን ለእነሱ እናስረክባለን። ዋጋው በገበያው ላይ ትንሽ ተጨምሮበት ነው። እስቲ ሁለት ነገር ንገረኝ፤ ያዋጣል ወይ? ይቻላል ወይ?»

የምማረው ኬሚካል ምህንድስና ነው። መድረሳ የቀራሁትም የፊቅህ መጀመሪያ ኪታቦችን ነው እንጂ ለፈትዋ የሚያበቃኝ ነገር የለኝም። ስለዚህ በስልኩ ላይ ለአንዱም ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። «ጊዜ ስጠኝ» አልኩት። እዚህ የምጽፍላችሁ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትንና ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ የተረዳሁትን ነው። ከመካከላችን አብዛኛው ሰው ገጠር ዘመድ አለው፤ የአጎቴ ዓይነት ስልክ ለእናንተም መምጣቱ አይቀርም።

ነገሩ ምንድን ነው?

ኮንትራት እርሻ ሲባል ገዢውና ገበሬው ምርቱ ሳይደርስ፣ ብዙ ጊዜም ሳይዘራ፣ የሚዋዋሉበት አሠራር ነው። ምን ዓይነት ሰብል፣ ምን ያህል፣ በምን ጥራት፣ መቼና በስንት እንደሚረከቡ አስቀድመው ይስማማሉ። ገዢው ብዙ ጊዜ ዘር፣ ማዳበሪያና የባለሙያ ምክር በዱቤ ያቀርብና ሲረከብ ዋጋውን ይቀንሳል።

ጉለሌ ለምንኖር ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ውጡ። እዚያ ሸማኔው በራሱ ገንዘብ ድርና ማግ ገዝቶ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ነጋዴው ድሩን ሰጥቶት፣ ነጠላውን ሲያስረክብ የድሩ ተቀንሶ የእጁ የሚከፈልበት ጊዜም አለ። ሁለተኛው ሸማኔ ገዢ ፍለጋ አይዞርም፣ ድር መግዣም አይቸግረውም። በምትኩ ዋጋውን የሚቆርጥለት ድሩን የሰጠው ሰው ነው። የኮንትራት እርሻ ጥቅሙም ጉዳቱም በዚህች ምሳሌ ውስጥ አለ፤ ልዩነቱ ገበሬው ከሸማኔው ይልቅ ዝናብ፣ ዋግና በረዶ የሚጨመሩበት መሆኑ ነው።

በአገራችን ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ባስጀመረው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው አገዳ እያመረቱ ለፋብሪካው ማስረከብ ከጀመሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሕጉ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለ ውል የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። ያ ሕግ በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የጸና ነው ይላል፤ ስለ በረዶ ስለመታው ማሳ ወይም በስልቻ ስላለ እርጥበት ግን ለይቶ የሚለው ነገር የለም። በ2015 ዓ.ም. የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 ወጣ። አዋጁ ሁለቱን ወገኖች «አምራች» እና «አስመራች» ይላቸዋል። «አስመራች» የምትለዋን ቃል ወድጃታለሁ፤ ገዢ ብቻ አይደለህም፣ እንዲመረት ያደረግከው አንተ ነህ፣ ኃላፊነትም አለብህ የምትል ትመስላለች።

ገበሬው ለምን ይፈልገዋል? ሰብል የሚሰበሰብበትን ወቅት አስቡት። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሁሉም አንድ ላይ ያጭዳል፣ ሁሉም የማዳበሪያ ዕዳና የልጆች ወጪ አለበት፣ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ገበያ ይወጣል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ነሐሴ ላይ ያው ገበሬ የሸጠውን እህል በውድ ሊገዛ ይችላል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ መሬቱን አስይዞ ከባንክ መበደር አልቻለም። ስለዚህ ምርቱን ከሚገዛው ሰው በዱቤ የሚያገኘው ዘርና ማዳበሪያ ለብዙዎች ብቸኛው ብድር ነው። ፋብሪካው በበኩሉ ከሺህ ገበሬ ሺህ ዓይነት ስንዴ እየለቀመ ጥሩ ፓስታ መሥራት አይችልም።

ሻይ ቅጠል አይጠብቅም፣ ገብስ ይጠብቃል

ነገሩ ይህን ያህል ለሁለቱም የሚጠቅም ከሆነ ለምን በየቦታው አልተስፋፋም? ጥናቶችን ሳነብ ለእኔ ሁሉን የከፈተልኝ ኬንያ ናት።

ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1964 የሻይ ልማት ባለሥልጣን ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ግል ይዞታ ሲዛወር ባለቤቶቹ አነስተኛ ገበሬዎቹ ሆኑ፤ ዛሬ ከ600 ሺህ በላይ ገበሬዎች ቅጠላቸውን የሚያስረክቡት ራሳቸው ድርሻ ላላቸው ፋብሪካዎች ነው። ለምን ሠራላቸው? አንደኛው ምክንያት ቅጠሉ ራሱ ነው። የተለቀመ ሻይ በሰዓታት ውስጥ ፋብሪካ ካልገባ ይበላሻል። ገበሬው ቤቱ አስቀምጦ የተሻለ ዋጋ መጠበቅ አይችልም፣ ለጎረቤት ነጋዴ ልሽጠው ቢልም ነጋዴው ያለ ማሽን ምንም አያደርግበትም። የወንጂ አገዳም እንዲሁ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ በቆየ ቁጥር ስኳሩ ይቀንሳል፣ በአካባቢው ያለው ወፍጮም አንድ ነው።

ገብስና ስንዴ ግን ይጠብቃሉ። ጎተራ ውስጥ ወራት ይቆያሉ። ገበያ የወጣ ነጋዴ ሁሉ ይገዛቸዋል። ካልሸጡትም ይበላል፤ ቆሎ ነው፣ በሶ ነው፣ ቂንጬ ነው፣ ገንፎ ነው። ይህ ለገበሬው መልካም ነው፣ ለውሉ ግን ፈተና ነው። ሁሉም የሚገዛው እህል በውል ለማሰር ከሁሉ የከበደው እህል ነው።

ለዚህ ነው ፈተናው የፊርማው ዕለት ሳይሆን የአጨዳው ዕለት የሚመጣው። በምሳሌ ቁጥር ላስረዳ (ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው፣ የዘንድሮ ዋጋ አይደሉም)። አንድ ገበሬ 30 ኩንታል በኩንታል 4,000 ብር ሊያስረክብ ተዋዋለ እንበል። የዘርና የማዳበሪያ ዕዳው 18,000 ብር ነው። አጨዳ ሲደርስ ገበያው 5,000 ከሆነ፣ ውሉን አክብሮ ሲያስረክብ 30,000 ብር ይቀርበታል። ማታ በአህያ ጭኖ ለሌላ ነጋዴ ቢሸጥ ይህን ያገኛል፤ ዕዳውንም ካልከፈለ ጥቅሙ 48,000 ይሆናል። ሁሉም ጎረቤቶቹ እንዲህ ካደረጉ ኩባንያው በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም።

እስካሁን ያለው ሁሉም የሚናገረው ነው። ኩባንያዎች «ገበሬው ውል አያከብርም» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ግን ቁጥሩን ገልብጡት። ገበያው ወደ 3,200 ቢወርድስ? ኩባንያው በውሉ መሠረት ከተረከበ ከገበያው ይልቅ 24,000 ብር አብልጦ ይከፍላል፤ ገበሬዎቹ አንድ ሺህ ከሆኑ 24 ሚሊዮን ብር ነው። ኩባንያው ማታ በአህያ አይጭንም። የእሱ መውጫ ሌላ ነው፤ «ጥራቱን አላሟላም» ይላል። ያኛው ስሙ ውል ማፍረስ፣ ይኼኛው ስሙ የጥራት ቁጥጥር ሆኖ ይቀራል።

ይህን ለማለፍ ብዙ ውሎች ዋጋን አይቆርጡም፤ እንደ አጎቴ ወረቀት «በገበያ ዋጋ ላይ ይህን ያህል ጭማሪ» ይላሉ። ያን ጊዜ ለሌላ መሸጥ ብዙም አያጓጓም። ዋጋው ከገበያው ጋር አብሮ ሲወርድ ግን ውሉ ገበሬውን ከዋጋ መውደቅ አያድነውም። የሚሰጠው ገዢ ብቻ ነው፣ ዋስትና አይደለም። ለእኔ የሚሻለው መካከለኛው ነው፤ ከዚህ በታች አይወርድም የሚባል የወለል ዋጋ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ከገበያው ጋር የሚሄድ። ደግሞስ የትኛው ገበያ? የየትኛው ቀን? ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ጠይቄው አየሁት። «የአካባቢው ገበያ ዋጋ» ይላል፤ የቦቆጂ ይሁን የአሰላ፣ የርክክቡ ዕለት ይሁን የሳምንቱ አማካይ አይልም።

ሚዛኑ በማን እጅ ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ የትምህርት ክፍሌን ነገር ላውራ፤ ታገሱኝ።

የቢራ ገብስ ሲገዛ ክብደቱ ብቻ አይታይም። የእርጥበቱ፣ የፕሮቲኑ፣ የፍሬው ውፍረትና የመብቀል አቅሙ ይለካል። ፕሮቲኑ በጥቅሉ ከ9 እስከ 11.5 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከዚያ ከበዛ ብቅሉ ጥሩ አይሆንም። ገበሬው ምርት እንዲጨምርለት ዩሪያ ያበዛል። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅን ሲበዛ ወይም ዘግይቶ ሲጨመር የፍሬው ፕሮቲን ከፍ ይላል። ስለዚህ ገበሬው የተለፋበት፣ የሚያምር፣ የቆመ ገብስ ይዞ ይመጣና «ፕሮቲኑ በዝቷል» ተብሎ ይመለሳል። ለፓስታ የሚሆነው ዱረም ስንዴ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ፕሮቲኑ ሲያንስ ነው የሚመለሰው። ለምን እንደተመለሰ ሳይነግሩት የተመለሰ ሰው ተታለልኩ ቢል አልፈርድበትም።

እርጥበቱም ቀላል ሒሳብ አይደለም። 30 ኩንታል ገብስ 16 በመቶ እርጥበት ቢኖረውና ውሉ 12.5 በመቶ ቢል፣ በደረቁ ሲሰላ 28.8 ኩንታል ይሆናል። 1.2 ኩንታል ውኃ ነበር ማለት ነው፤ ይህ ፍትሐዊ ቅናሽ ነው። መለኪያው ግን አንድ ነጥብ ብቻ አብዝቶ ቢያነብ ከገበሬው 34 ኪሎ ያህል ይጎድላል። በ4,000 ብር ከ1,300 ብር በላይ ነው። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ መሣሪያ ሳናስተካክል ከለካን መምህሩ ሪፖርቱን ይመልስብናል። የገበሬውን ዓመት የሚለካውን መሣሪያ ማን ያስተካክለዋል? ሱረቱል ሙጦፊፊንን በልጅነታችን በቃላችን ስንይዝ የምናስበው የሱቅ ሚዛን ነበር። ዛሬ ሚዛኑ ባትሪ አለው፣ ቁጥሩም የሚታየው ከአንድ ወገን ነው።

የገበሬዎች ማኅበራትና ዩኒየኖች የሚያስፈልጉት እዚህ ጋ ነው። አንድ ገበሬ የራሱ የእርጥበት መለኪያ መግዛት አይችልም፣ አንድ ዩኒየን ይችላል። ዘሩን በጋራ ያከፋፍላል፣ ምርቱን በጋራ ያስረክባል፣ ሲመለስበትም በአንድ ድምፅ ይጠይቃል። ዩኒየኑ ራሱ ለገበሬው ሳይሆን ለገዢው ካደላ ግን ሁሉም ይበላሻል፤ ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም።

ሰለም ምን ይላል?

አሁን ወደ አጎቴ ሁለተኛ ጥያቄ። ይህንን ክፍል እንደ ፈትዋ አትውሰዱት፤ ጥያቄውን ለዑለማ በደንብ ለማቅረብ እንዲረዳን ነው።

ኢብኑ ዐባስ እንዳስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊምም እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎቹ ለቴምር ከአንድና ሁለት ዓመት በፊት ገንዘብ እየከፈሉ ይገዙ ነበር። እሳቸውም አልከለከሉም፤ ስፍሩ ወይም ክብደቱ እንዲታወቅ፣ የሚረከቡበትም ጊዜ እንዲወሰን አዘዙ። ፊቅህ ይህንን «ሰለም» ይለዋል። እንግዲህ ያልደረሰ ምርት በውል መሸጥ ለእኛ ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። የቁርኣን ረጅሟ አያም ስለ ዕዳ መጻፍና መመስከር ነው የምታወራው፤ ኢብኑ ዐባስ ሰለምን ከዚህች አያ ጋር ያያይዙት ነበር።

ግን የሰለም አጥንቱ ምንድን ነው? ገዢው ዋጋውን በሙሉ በውሉ ቦታ ይከፍላል። የማሊኪ ሊቃውንት ሁለት ሦስት ቀን መዘግየትን ይፈቅዳሉ፤ ዋናው ነገር ግን ገንዘቡ ቀድሞ መግባቱ ነው። ገበሬው በዚያ ገንዘብ ዘሩን ይገዛል፣ ቤተሰቡን ያበላል፣ ከዚያም ያስረክባል። አደጋውን የሚሸከመው ገንዘቡን ያስቀደመው ነው፤ በለውጡም ከነገው ገበያ ቀነስ ባለ ዋጋ ይገዛል።

አሁን ይህንን ከአጎቴ ወረቀት ጋር አስተያዩት። በወረቀቱ ላይ ገንዘቡ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ስድስት ወር የለፋው፣ ጉልበቱንና መሬቱን ያስቀደመው ገበሬው ነው፤ ከዘሩና ከማዳበሪያው በቀር ኩባንያውን የሚያበድረው እሱ ነው ማለት ይቻላል። እቃውም ዋጋውም ሁለቱም ለነገ የተቀጠሩበት አስገዳጅ ሽያጭ ደግሞ በፊቅህ ችግር ያለበት ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ሪያድ ላይ ስለ አቅርቦት ውሎች ሲወስን ይህንኑ ለይቷል፤ ማምረቻ የማያስፈልገው እቃ ሆኖ ዋጋው በሙሉ ከቀደመ ሰለም ነው። ካልቀደመ ግን ሁለቱንም የሚያስር ሽያጭ አይሆንም፤ የማያስገድድ ቃል ኪዳን ሆኖ በርክክቡ ጊዜ አዲስ ሽያጭ ሊደረግበት ይችላል። «የገበያ ዋጋ» ብሎ ቁጥር ሳይቆርጡ መሸጥም ብዙኃኑ ዑለማ አልፈቀዱትም፤ ኢብኑ ተይሚያና ኢብኑል ቀይም ፈቅደውታል።

ሌላም ልዩነት አለ፣ እኔን ያስደነቀኝ። በሰለም ውስጥ «የዚህ ማሳ ገብስ» ብሎ አንድን መሬት መለየት አይቻልም። ያ ማሳ በበረዶ ቢመታስ? የሚሸጠው በዓይነቱና በጥራቱ የተገለጸ ገብስ ነው፤ ገበሬው ከየትም አምጥቶ ሊያስረክብ ይችላል፤ ከጠፋም ገዢው ይጠብቃል ወይም የከፈለውን ይወስዳል፣ ቅጣት አይጨምርበትም። ዛሬ የምናያቸው ውሎች ግን ማሳው ተለክቶ፣ ተቆጥሮ የሚገቡ ናቸው። ሰዎቹ ዛሬ «የአደጋ ክፍፍል» ብለው የሚጨነቁበትን ጉዳይ የጥንቶቹ ፉቀሃ «ገረር» ብለው አንድ በአንድ ተነጋግረውበታል።

ጎረቤታችን ሱዳን በዚህ ሞክራለች። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባንኮቿ ለእርሻ ገንዘብ የሚያቀርቡት በአብዛኛው በሰለም ነበር። የዋጋው ችግር እዚያም መጣ፤ አጨዳ ላይ ዋጋው ሲንር ገበሬው ተበደልኩ አለ። ያገኙት መፍትሔ በውሉ ውስጥ ኢሕሳን የሚባል አንቀጽ ማስገባት ነው፤ የገበያው ዋጋ ከውሉ ዋጋ ከሲሶ በላይ ከራቀ የተጎዳው ወገን ይካሳል። ቅድም ያልኩትን የወለል ዋጋ አስታወሱ? ሁለቱም አንድን ቁስል ከሁለት በኩል ነው የሚያክሙት።

የእኛስ ባንኮች? ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ ሂጅራ ባንክም ተከተለው፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። አንድ ባንክ ለዩኒየኑ የሰለም ዋጋ ቢከፍልና በትይዩ ደግሞ ለፓስታ ፋብሪካው በሌላ ውል ቢሸጥ አጎቴ ወለድ ሳይነካ ዘር ይገዛል። ትይዩ ሰለም ይባላል። ከመካከላችን አካውንቲንግና ሕግ የሚማሩ ወንድሞችና እህቶች አሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለምትፈልጉ እንካችሁ።

ገብሱ የቢራ ነው

እስካሁን የሸሸሁት ጉዳይ ይኸውና። በአገራችን እህል ላይ ከተሠሩ የኮንትራት እርሻዎች ሁሉ በጣም የተስፋፋው የቢራ ገብስ ነው። ምክንያቱ ከላይ ያልኩት ነው፤ ልዩ ጥራት የሚጠይቅ፣ ገዢው ጥቂት የሆነ እህል ነው። ሄይኒከን በ2003 ዓ.ም. የበደሌንና የሐረርን፣ ዲያጆ በ2004 ዓ.ም. የሜታን ፋብሪካ ከገዙ በኋላ የብቅል ፍላጎት ናረ። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ብቻውን አልበቃም። ኋላ ሱፍሌና ቦርትማልት የሚባሉ የውጭ ኩባንያዎች የራሳቸውን ብቅል ፋብሪካ ከፈቱ። «ትራቭለር» እና «ግሬስ» የተባሉ የገብስ ዝርያዎች ገቡ፤ ከቀድሞው «ሆልከር» የተሻለ ምርት ይሰጣሉ ይባላል። የገበሬው ገቢም ያደገበት ቦታ አለ፤ ይህንን መካድ ሐቀኝነት አይደለም። አርሲና ባሌ ደግሞ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው።

ዑለማ በጥንት የተነጋገሩት በወይን ፍሬ ላይ ነው፤ ጠጅ እንደሚጠምቅበት ለሚታወቅ ሰው ወይን መሸጥ ይቻላል ወይ? የሐንበሊ መዝሀብ አይቻልም ይላል። የሻፊዒይ ኪታቦች ካወቀ ሐራም፣ ከጠረጠረ መክሩህ ብለው ይለያሉ። ኢማም አቡ ሐኒፋ ኃጢአቱ የጠማቂው እንጂ የፍሬው አይደለም ብለው ፈቅደዋል፣ ሁለቱ ታላላቅ ተማሪዎቻቸው ግን ጠልተውታል።

«ካወቀ» የምትለዋን ቃል ልብ በሏት። አጎቴ ገብሱን ቦቆጂ ገበያ አውጥቶ ሲሸጥ ገዢው በሶ ያድርገው ብቅል አያውቅም፣ መጠየቅም አይጠበቅበትም። ውሉ ግን ያንን አለማወቅ ያነሳዋል። ዝርያው የቢራ ነው፣ አስመራቹ በስም ተጽፏል፣ ፕሮቲኑ ለብቅል ተብሎ ተለክቷል። ኮንትራት እርሻ የሚሠራው ሁሉም ነገር ስለሚታወቅ ነው፤ ጥያቄውን ያከበደውም ያው መታወቁ ነው። ዶርም ውስጥ ይህንን ሳነሳ አንዱ ጓደኛዬ «ሶፊ ማልትም እኮ ከዚያው ገብስ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የአልኮል የሌለበትም መጠጥ ይሠራበታል፤ ግን ገበሬው የእሱ ኩንታል ወደየትኛው ጋን እንደሚገባ የሚመርጥበት አንቀጽ በወረቀቱ ላይ የለም።

«እንግዲያው አትፈርም» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ በካፌ ምግብ እየበላ፣ በደጋ ላይ ሌላ ገዢ ያላገኘን ሰው አትሽጥ ማለት ግን እኔን ያሳፍረኛል። የሚሻለው ሌላው ገዢ እንዲኖር መሥራት ነው። ቦታው አለ። በባሌ በጣሊያን መንግሥት ድጋፍ ዱረም ስንዴ አምራቾችን በማኅበራትና በዩኒየኖች በኩል ከፓስታ ፋብሪካዎች ጋር ያገናኘ ፕሮጀክት ነበር፤ ፓስታ ደግሞ ማንም የሚበላው ነው። በዘይት በኩል የጎደለው ይበልጥ ግልጽ ነው። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ፊቤላ፣ ደብረ ማርቆስ ላይም ደብሊው ኤ የተባሉ ግዙፍ የዘይት ፋብሪካዎች ተመረቁ፤ በሙሉ አቅማቸው እንዳይሠሩ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ የቅባት እህል እጥረት ነው። አገሪቱ ዘይት ከውጭ ትገዛለች፣ ማሽኑ ቆሟል፣ ገበሬው ኑግ፣ አኩሪ አተርና ሰሊጥ የሚዘራበት መሬት አለው። በሁለቱ መካከል የጠፋው ገበሬው የሚያምነው ውል ነው። የምግብ ገብስም ቢሆን የታሸገ በሶና ቂንጬ የሚያዘጋጅ ሰው የሚፈልገው ገብስ ነው፤ ለፕሮቲኑም እንደ ቢራው አይጨነቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሼ ደወልኩለት። ይቻላል ወይ የሚለውን በአካባቢው ያሉትን ሸይኽ እንዲጠይቅ፣ ሲጠይቅም ወረቀቱን ይዞ እንዲሄድ፣ ገዢው ማን እንደሆነና ገንዘቡ መቼ እንደሚከፈል አንብቦ እንዲነግራቸው ነገርኩት። ያዋጣል ወይ ለሚለው ደግሞ ማኅበሩን የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች በአጭር መልእክት ላክሁለት፤ የትኛው ገበያ፣ የየትኛው ቀን ዋጋ፣ መለኪያውን ማን ያስተካክላል፣ ከተመለሰብኝ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኛል ወይ፣ በረዶ ቢመታውስ የማዳበሪያው ዕዳ የማን ነው።

ስብሰባው ላይ አንስቷቸዋል። የማኅበሩ ሰው የመጨረሻውን ጥያቄ «ከዚህ በፊት ማንም ጠይቆን አያውቅም» አለው አሉ። አጎቴ አልፈረመም፤ ግማሹን ማሳ ስንዴ፣ ግማሹን ለቤት የሚሆን ነጭ ገብስ ዘራበት። ጎረቤቱ ፈርሟል። ታኅሣሥ ላይ ሁለቱም ያጭዳሉ፣ ኢንሻ አላህ፤ ለእረፍት ስወርድ የሁለቱንም ሒሳብ ጎን ለጎን አስቀምጬ ለማየት ደብተር አዘጋጅቻለሁ።